ከአምስቱ ጋር የቆመው ስድስተኛ

ቅዳሴ የሚቆመው በአምስት ሰው ነው፤ ሁለት ካህን፣ ሦስት ዲያቆን። አንድ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቁጥር ቆሜአለሁ። በፍልሰታ ጾም በስምንተኛው ቀን ግን መቅደስ ውስጥ ሆኜ ስቆጥር ስድስት ሆንን። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ስድስት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከመናገሬ በፊት እዚያ እንዴት እንደ ደረስሁ ልንገራችሁ። ሐኪም «ዕረፍ» ብሎ ወረቀት ጽፎላችሁ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ የደበቃችሁ ሁሉ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ወገራ ውስጥ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ገደሉ አፋፍ በሚወስደው መንገድ ያለች የአንዲት ትንሽ የገጠር ደብር ቄስ ነኝ። ሞላ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። ግትር መሆኔን አልደብቅም፤ ባለቤቴ ጥሩዬ እኔን ከመምከር በሬውን መምከር ይቀላል ትላለች፤ ውሸት የለባትም።

ነገሩ የጀመረው በውኃ ጥም ነው። ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ድካም መሰለኝ። መጀመሪያ አንድ ጣሳ፣ ቀጥሎ ሁለት ጣሳ፣ በኋላ ማሰሮውን አንሥቼ ማንደቅደቅ ሆነ። ማኅሌት ቆሜ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። የጠጣሁት ደግሞ ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስወጣ ስገባ ውሾቹ እንኳ መጮኽ ተዉ። ሥጋዬ ከላዬ አለቀ፤ ሱሪዬን በገመድ ማሰር ጀመርሁ።

አንድ ጠዋት ጥሩዬ ከጓሮ ጠራችኝ። ማታ የሸናሁበት ቦታ ላይ ጉንዳን ሰፍሯል። ከአጥሩ ሥር ተሰልፎ መጥቶ ያችን ቦታ ብቻ ከቧታል፤ ሌላው መሬት ላይ አንድም የለም። አመድ በተነችበት። በማግስቱ ሌላ ቦታ ሄድሁ፤ ጉንዳኑም ሌላ ቦታ ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሄድሁበት ተከተለኝ። ጎረቤት ሲሰማ ፍርዱ ተፈረደ፤ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አንዷ ሰው አስደርጎባቸው ነው አለች። እኔም ራሴ፣ የሰውን ጋኔን በጸሎት የምገሥጸው ሰውዬ፣ ከመሸ ወደ ጓሮ መውጣት ፈራሁ። ሽንቴ ውስጥ ስኳር እንዳለ ከሁላችን ቀድሞ ያወቀ ጉንዳኑ ነበር።

ክሊኒክ ሄድሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልሁ። እንክብሉን ጨረስሁ፣ ምንም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ነው አለኝ፤ ለአቅምህ ለስላሳ ጠጣበት ብሎ ጨመረልኝ። ታዛዥ መሆኔ በዚያ ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀን ሦስት ጠርሙስ ስጠጣ ሰነበትሁ። ከዚያ ጸበል ገባሁ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ሐኪም ቤት እያለ ሐኪም ቤት አለመሄዴን ነው የምነቅፍ። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ተቀመጥሁ ዘፍ አልሁ። ጊደራችን ተሸጠችና በማኪና ወደ ጎንደር ወሰዱኝ።

ኮሪደር ላይ፣ ወንበር ላይ ተደግፌ ወረፋ ስጠብቅ ትንፋሼ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት እንደ ነበር ጥሩዬ ነገረችኝ። አንዲት ነርስ ጣቴን ወግታ ጠብታ ደም አንዲት ትንሽ ማሽን ላይ አስነካች። ማሽኗ ቁጥር አልሰጥ አለች። ነርሷ አራገፈቻት፣ በሌላ ጣቴ ሞከረች፤ ያው። ማሽኗ ከምትቆጥረው በላይ ሆኖባት ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ መሮጥ ጀመረ፤ እኔ ያለ ወረፋ የገባሁባት ቀን ያች ብቻ ናት።

በሽታው ስኳር ነበር። ጣፊያ አጠገብ ያለ አንድ ዕጢ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር ማመንጨት አቁሞ፣ የበላሁት ሁሉ ደሜ ውስጥ ስኳር ሆኖ ሲከማች፣ ሰውነቴ ግን በረኃብ ራሱን እየበላ ነበር። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። አጠገቤ ከአዲ አርቃይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእግራቸው ሁለት ጣት ተቆርጦ፣ መርፌ እንዴት ጭን ላይ እንደሚወጋ እየሳቁ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። እግዜር ይስጣቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጠዋት መስቀሌን ትሳለማለች፣ ሳልበላ ካገኘችኝ ደግሞ ትቆጣኛለች። ስወጣ ለደብሩ የሚሰጥ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ሁለት ወር ከቅዳሴ አገልግሎት እንዳርፍ፣ እንዳልጾምም የሚል። ለጥሩዬ ለብቻዋ ነግራ አስተማረቻት፤ ላብ ላብ ካለኝ፣ ከተንቀጠቀጥሁ፣ ነገር ከዘባረቅሁ ጣፋጭ እንድትሰጠኝ፤ ራሴን ከሳትሁ ግን በአፌ ውኃ እንዳታፈስስ፣ ማር ድዴ ላይ እንድትቀባ። ለእኔ ደግሞ ጣቴን እየወጋሁ የምለካባትን ማሽንና ኪሴ የምይዘውን ከረሜላ ሰጥታ እንዲህ አለችኝ፦

«አባ፣ ይህ መርፌ የሚበላው ይፈልጋል። ምግብ ካላገኘ እርስዎን ነው የሚበላ።»

ገብቶኛል አልሁ። የነፍስ አባቴም በስልክ ጾሙን ፈቱልኝ፤ እሺ አልኋቸው። ለሁሉም እሺ ማለት አይከብደኝም።

ቤቴ ተመልሼ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ዐረፍሁ። የኢንሱሊኑን ብልቃጦች እንዳይሞቁ ጥሩዬ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። ሥጋዬ ተመለሰ፣ ጥሙ ጠፋ፣ ጉንዳኑም ጠፋ። ወረቀቱን ግን ለማንም አላሳየሁም፤ ዳዊቴ ውስጥ ነበረ። የዳንሁ መስሎኝ ነበር፤ የዳነ ሰው ደግሞ ምን ወረቀት ያሳያል?

የፍልሰታ ዋዜማ የደብራችን ገበዝ አባ ተገኘ መጡ። ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በዘንግ ነው የሚሄዱ። ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕዝቡ ሱባኤ ይገባል፣ ሕፃን ሽማግሌው ይቆርባል። ሦስተኛው ቄሳችን አባቱ ሞቶበት ጭልጋ ወርዷል፤ ከእኔ ሌላ ያሉት ካህን እርሳቸው ብቻ ናቸው። አባ ተገኘ ቅደስልኝ አላሉም። ተቀመጡ፣ ጤናዬን ጠየቁና ዘንድሮ ፍልሰታ በዝግ ቤተ ክርስቲያን ሊያልፍ ነው አሉ። ጥሩዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ምነው ወረቀቱን አያሳዩዋቸውም?» አለችኝ።

የምን ወረቀት አሉ አባ ተገኘ። የመድኃኒት ወረቀት ነው አልሁ። ነገ እገባለሁ አልሁ። ጥሩዬ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ የሠራሁትን ሥራ ስሙ። በእኛ ሥርዓት ደሙ የሚፈስስ ሰው መቅደስ አይገባም። ታዲያ ጣቴን ወግቼ ደም አውጥቼ እንዴት እገባለሁ? ብዬ ማሽኗን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባት። የኢንሱሊኑ መርፌ ደም ስለማያወጣ እርሱን አልተውሁም፤ ሐኪሟ እንዳልተወው ብላኝ የለ! ጠዋት ሙሉውን ልክ እወጋለሁ፤ እህል ግን ቅዳሴው እስኪፈጸም፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ባፌ አይዞርም። ከሁለቱ ሕግ ግማሽ ግማሹን ቆርጬ፣ ሁለቱንም የጠበቅሁ መሰለኝ። የነፍስ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። የሚመልሱልኝን ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኋቸው።

ነሐሴ ላይ እኛ አገር ጉም ከገደሉ ይወጣና ቤተ ክርስቲያኑን ይውጠዋል። በር ሲከፈት ተከትሎ ይገባል። በሁለተኛው ቀን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ልቤ ቶሎ ቶሎ መታ። ከዚያ ፍርሃቱ አለፈና አንድ ዓይነት ቅልል ማለት መጣ፤ የምቆምበት ወለል የራቀኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ዜማ ሳነሣ ከኋላዬ፣ በግራ በኩል፣ ሌላ ድምፅ ትንሽ ዘግየት እያለ ከእኔ ጋር ያዜም ጀመር። አባ ተገኘ መስለውኝ ዞርሁ፤ አባ ተገኘ በፊቴ ነበሩ፤ አፋቸውም ዝግ ነበር።

ይህን ስሰማ ደነገጥሁ? አልደነገጥሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። ሱባኤዬ ሰመረ፣ ተመረጥሁ ብዬ አሰብሁ። አንዲት ሴት ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ስትሳለም ፊትዎ በራ አባ ብትለኝ ላቡ ነው ማለት ትቼ አንገቴን ደፋ አደረግሁ። ማታ እህል ስቀምስ ያ ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ እኔም እህሉን ነበር የምጠላው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አያ ፈንታ፣ እርሻቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ጎረቤታችን፣ መንገድ ላይ አግኝተው አኮረፉኝ። ምን አደረግሁ ብላቸው ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ገደሉ ጫፍ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ ቢጠሩኝ፣ እንደማያውቅ ሰው አይቻቸው ወደ ጉሙ እያዜምሁ ማለፌን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብዬ ቤቴ ነው የገባሁ። ቢያንስ እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ሌላ ሰው ይሆናል አልኋቸው። አያ ፈንታ እግሬን ተመለከቱ። ጫማዬ ላይ የደረቀው ጭቃ ቀይ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ቀይ አፈር ያለ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻ ነው። ጭቃውን በድንጋይ ጠረግሁና ለጥሩዬ ሳልነግራት ቀረሁ። ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ።

ፈርቼስ ቀረሁ? በስምንተኛውም ቀን ወጋሁና ሄድሁ። ከረሜላዬ ጋቢዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጋቢዬ ልብሰ ተክህኖ የለበስንበት ቤት ተሰቅሏል። ሠራዒው ካህን እኔ ነኝ፣ ረዳቴ አባ ተገኘ። ጉሙ ገብቶ ሻማዎቹ ቢጫ ሆነዋል። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ቀና ብዬ አየሁ። አባ ተገኘ፣ ሦስቱ ዲያቆናት፣ እኔ። ከመጋረጃው ሥር ደግሞ አንድ ካህን ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ካባው ጀርባው ላይ ተቀዶ በጥቁር ክር ተጥፏል። ያን መጣፊያ አውቀዋለሁ፤ የጣፍሁት ራሴ ነኝ። ያ ካባ ደግሞ በዚያ ሰዓት እኔ ላይ ነበር።

ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ ይሄዳል። ልከተለው ፈለግሁ። እንደዚያ አድርጌ ነገር ፈልጌ አላውቅም፤ ከእርሱ ጋር ብወጣ ሁሉ ነገር የሚያልቅልኝ መሰለኝ። በእጄ የያዝሁት ግን ጻሕል ነው፤ ቅዱስ ሥጋው ያረፈበት ወጭት። ከመጋረጃው ውጭ ሕፃናቱ ለቁርባን ተሰልፈዋል። እጄ እንደ ላላ አውቃለሁ፤ ማጥበቅ ግን አልቻልሁም። የካህን ትልቁ ፍርሃት ቅዱስ ሥጋው ከእጁ መውደቁ ነው፤ ከሞትም ይብሳል። ያ ነገር እጄ ላይ ሊመጣ አንድ ትንፋሽ ቀርቶታል።

አባ ተገኘ አጥርተው አያዩም። ግን እጃቸውን ጣል ሲያደርጉ እጄ ላይ ያለውን ላብ አገኙት። ሌላው እጃቸውን ከጻሕሉ ሥር አስገቡ።

«ክርስትና ስምህ ማነው?» አሉኝ በጆሮዬ።

አርባ ስድስት ዓመት የቆረብሁበት ስሜ ጠፋብኝ። ፈለግሁት፤ የለም።

«ስድስት ነን» አልኋቸው።

አባ ተገኘ ጻሕሉን ከእጄ ወሰዱ። ቀስ አድርገው፣ ከሚተኛ ሕፃን እጅ ዕቃ እንደሚወስድ ሰው ወሰዱት። ከዚያ ወለሉ መጣ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የሰማሁት ነው። የተጀመረ ቅዳሴ አይቋረጥም፤ መቅደስ ደግሞ ምእመን አይገባም፤ ሴትማ ከቶ። ትልቁ ዲያቆን ብብቴን ይዞ ከመጋረጃው ውጭ ጎተተኝ። ጥሩዬ ከሴቶቹ ፊት ቆማ ነበር። ማንም ላይ አልጮኸችም፣ ማንንም አልጠየቀችም። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፣ ከቋጠሮው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣች፤ ብልቃጡ ውስጥ ማር ነበር። ጣቷን እየነከረች ድዴን አሸችው። አባ ተገኘ ሕፃናቱን እያቆረቡ፣ እርሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታሽ፣ አንድ ሰዓት ያለፈ መስሏት ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት ፊቷን ነው።

ማሩን ከየት አመጣሽው ብዬ ኋላ ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዛው ነበር። ስምንቱንም ቀን ቋጥራ መጥታ፣ ስምንቱንም ቀን ከመጋረጃው ፊት ስትጠብቀኝ ከርማለች። መክራኝ እንደማልሰማ ስለምታውቅ፣ እስክወድቅ መጠበቅ ነበር የቀራት። ያን ስትነግረኝ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

በማግስቱ ጎንደር ሄድን። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌው ደሜ ውስጥ ያለውን ስኳር ጠርጎ ሲጨርስ አንጎል የሚበላው ያጣል፤ አንጎል ሲራብ ደግሞ የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳያል፣ ሰው ሄዶ የሄደበትን አያስታውስም አለችኝ። ስለ ካባው ጠየቅኋት። ያዩት ራስዎን ነው አባ፣ አለችኝ፤ ሲወጡ ነበር ያዩት።

ወረቀቱን ለአባ ተገኘ ሰጠኋቸው። ዲያቆኑ አነበበላቸው። ከፍልሰታ በፊት የተጻፈ መሆኑን ከቀኑ አወቁ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ኮሶዬ በኩል ወዳለ ደብር ስልክ አስደወሉ፤ አንድ ቄስ በነጋታው መጣና የቀሩትን ቀናት ቀደሰ። አንድ ስልክ! እኔ ካልገባሁ ማርያም የምትቀር መስሎኝ ልሞት ነበር። አባ ተገኘ የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

«ከጣትህ ጠብታ ደም ሸሽተህ፣ በግንባርህ ተደፍተህ መቅደሱ ላይ ልታፈስልን ነበር።»

የቀረውን ፍልሰታ እየበላሁ ከቅጥሩ ውጭ ቆምሁ። ማፈሩ ቀላል አልነበረም። ሁለቱን ወር አንድ ቀን ሳልቆርጥ ጨረስሁ። አሁን በወር አንድ እሑድ እቀድሳለሁ፤ ለዚያች ቀን መርፌውን ሐኪሟ ቀንሳልኛለች። ጎሕ ሲቀድ ጣቴን እወጋለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ቁጥሩ ካነሰ ቤቴ ቁርሴን እበላለሁ። ስለ ጣቴ አባ ተገኘ ሊቃውንቱን ጠይቀው፣ በሽታ ነው እንጂ ርኵሰት አይደለም፣ አስረኸው ግባ ብለውኛል። ይህን ሁሉ በፊት ብጠይቅ ኖሮ በፊት ይነግሩኝ ነበር። እናንተም ወረቀታችሁን አሳዩ። የምታፍሩበትን ጥያቄ ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጥቅምት ላይ፣ ሰማዩ ሸጋ ሆኖ ገደሉ ማዶ ድረስ ሲታይ፣ አያ ፈንታን ልታረቅ ሄድሁ። ሐኪሟ ያለችኝን በሙሉ አስረዳኋቸው፤ ራሴን ስቼ እንደ ነበር፣ ሰላምታቸውን የነፈግሁት በሕመም እንደ ሆነ። ይቅር አሉኝ። ስለያቸው ግን ወደ አፋፉ እያዩ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ያን ዕለት እጅዎን ይዘው ወደ ኋላ የሚስቡዎ ካህን ማን ነበሩ? እርሳቸውም ዘጉኝ።»

አላውቅም አልኋቸው። እስካሁንም አላውቅም። አያ ፈንታ ስኳር የለባቸውም፤ ያን ዕለት ምሳቸውንም በልተዋል፤ ጠይቄአለሁ። ጉም ነው ብዬ ተውሁት፤ ጉም ብዙ ያሳያል።

ልብሰ ተክህኖ ስንለብስ ግን እቆጥራለሁ። አምስት ከሆንን እገባለሁ። ስድስት የሆንን ቀን ካባዬን አውልቄ እንደምወጣ ለአባ ተገኘም ለጥሩዬም ምዬላቸዋለሁ። አባ ተገኘ አምነውኛል። ጥሩዬ ግን እስካሁን ማሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትመጣ።